መቀሱ የሚጾምባቸው ቀናት

ጋሽ ሰይድ ማረፋቸውን የነገረችኝ ልጃቸው ናት፤ ከኮምቦልቻ የድምፅ መልእክት ልካልኝ። እኔ እዚህ ሀርጌሳ የተማሪ ዩኒፎርም እየቀመቀምኩ ነበር። «እህት አስካለ፣ አባቴ ወደ አኼራ ሄደ። እኛ ዱዓ ላይ ነን፤ አንቺም በአንቺ ወግ ጸልዪለት» ትላለች። በአንቺ ወግ ማለቷ ክርስቲያን መሆኔን አስባ ነው፤ እንደ አባቷ ሰው የማታስከፋ ልጅ ናት። መልእክቱን ደግሜ ሰማሁትና አለቀስኩ። ወዲያው ደግሞ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሳቄ መጣ። በዕንባዬ መሃል ቀድሞ የመጣልኝ መልካቸው አይደለማ! የዚያ የጠፈር ጨዋታቸው ዜማ ነው፤ ውጊያው ሊጀመር ሲል ቲሪሪም ቲሪሪም የሚለው። የስድሳ ዓመት ሽማግሌ ሞተው በጌም ዜማ የሚታወሱ እንደሆነ እንግዲህ ጋሽ ሰይድን የማያውቅ ሰው ይፍረድብኝ።

ጋአን ሊባህ በሚባለው የሀርጌሳ ሰፈር ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር ያላት አንዲት ክፍል አለች። እዚያ ነው አብረን የሠራነው። እሳቸው ቆራጭ፣ እኔ ሰፊ። ሶማሌዎቹ ሴቶች ዲራዕ የሚሉትን ሰፊ ስስ ቀሚሳቸውን፣ የኛ አገር ልጆች ቀሚሳቸውን ይዘው ይመጣሉ። ሶማሌዎቹ «ዳዋርሌ» ይሏቸዋል፣ ልብስ ሰፊው ማለታቸው ነው። የኛዎቹ ደግሞ ጋሽ ሰይድ ካልቆረጡት ልብስ ልብስ አይመስላቸውም። ሰውየው ረዥም፣ ቀጭን፣ የሸሚዛቸው ኮሌታ ላይ ሁልጊዜ ክር የገባበት መርፌ የተሰካ ነበሩ። ጺማቸውን እንዳገሬው ሽማግሌ ሂና ይቀቡታል። «ወሎ የገባሁ ዕለት ቀበሮ መጣ ብለው ዶሮ ይሸሽጉብኛል» እያሉ በራሳቸው ይቀልዳሉ።

ከክር መደርደሪያው አጠገብ ጀርባዋ ያበጠ አሮጌ ቴሌቪዥን አለች። ከሥሯ ያቺ ግራጫ የጌም ሳጥን። ወጣት ሆነው ጅዳ ልብስ ሲሰፉ አንድ ክፍል አብረዋቸው የሚያድሩት ሰፊዎች ሁሉ በእሷ ነበር አሉ የሚያመሹት። ሀርጌሳ የኮንቴይነር ዕቃ ከሚሸጥበት ተራ እህቷን ሲያገኙ እንደ ጠፋ ዘመድ አቅፈው አመጧት። ያለቻት ካሴት አንዲት ብቻ ናት። ጋሽ ሰይድ ጨዋታውን «ንቦቹ» ይሉታል። ከታች አንዲት ነጭ መርከብ አለች፣ የኛ ናት። ጠላቶቹ ከላይ እንደ ንብ መንጋ እየተጠማዘዙ ገብተው ይሰለፋሉ፤ ከዚያ አንድ አንድ እያሉ ይወረወሩብናል። ሲወርዱ የሩዝ ፍሬ የምታህል ጥይት ያዘንባሉ። ከሁሉም የሚከፉት አውራዎቹ ናቸው። ሰማያዊ ጨረር ዘርግተው መርከባችንን ስበው ይማርካሉ፤ የተማረከችው ቀይ ሆና ከአውራው ኋላ እንደታሰረች ትንሳፈፋለች። በሚቀጥለው መርከብ አውራውን ብቻ ለይተው ከመቱ የተማረከችው ትመለስና ሁለቱ ጎን ለጎን ሆነው ይዋጋሉ። ተሳስተው እሷኑ ከመቱ ግን በቃ፣ የራስን ልጅ መግደል ነው።

ካሴቷ አርጅታለች፣ አቧራ ስትጠጣ አትነሳም። ስለዚህ ጋሽ ሰይድ ጧት ጧት «ቢስሚላህ» ብለው ያወጧትና ከሥሯ እፍ እፍ ይሉባታል። ካልሠራች ትንሽ ያጉተመትማሉ፣ ደግመው እፍ ይላሉ። አንድ ጧት በር ላይ ቆማ ይህን ያየች አንዲት ሶማሌ እናት ምን ብታስብ ጥሩ ነው? በማግስቱ ራሷን በሻሽ ጠፍራ መጣችና ፊታቸው ቁጢጥ አለች። ለካ ሰውየው ቁርኣን አንብበው እፍ የሚሉ መድኃኒተኛ መስለዋት ኖሯል! ራሷን ሊፈልጣት ነው፣ እፍ በሉልኝ አለች። ጋሽ ሰይድ በተሰባበረ ሶማልኛ ስለ አቧራ ቢያስረዷት ወይ ፍንክች። መጨረሻ ላይ «ያ አላህ፣ አሽራት» ብለው ዱዓ አደረጉላት። ሴትዮዋ ተሻላት። ከዚያ ወዲህ ልብሷን ሌላ ቦታ አሰፍታ አታውቅም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ጋሽ ሰይድ አንድ የማይጥሱት ሥርዓት ነበራቸው። ጧት ሱቅ ተከፍቶ፣ ከምንም ሥራ በፊት፣ አንድ ጨዋታ። አንድ ብቻ። ደህና ከተዋጉ መቀሱን ከምስማሩ ያነሱና ጨርቅ ዘርግተው ይቆርጣሉ። ቶሎ ከተሸነፉ መቀሱ ከተሰቀለበት አይወርድም። «ዛሬ መቀሱ ይጾማል» ይላሉ፤ ቀኑን ሙሉ የተሰፋ ልብስ ሲተኩሱ፣ ቁልፍ ሲተክሉ ይውላሉ። ሰው ጨርቅ ይዞ ሲመጣ እኔ «መቀሱ ጾመኛ ነው፣ ነገ ተመለሱ» እላለሁ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ይስቃል። አንዳንዱ «ይህ መቀስ ከኛ በላይ ይጾማል እኮ!» ይላል።

እኔ ገድ የሚያዩ ነበር የሚመስለኝ። አገሬ ጧት ጥቁር ድመት አየሁ ብሎ ከመንገድ የሚመለስ ሰው አውቃለሁና ይኼም የጠፈር ድመት ነው ብዬ ተውኩት። ግን ምላሴ አያርፍም።

«ጋሽ ሰይድ፣ እርስዎ ሶላት የማይዘልዎ ሰው ነዎት፤ በጌም ገድ ማየት አይከብድዎትም?»

«ገድ አይደለም አስኩ። ሥራ ነው» ይላሉ፣ ዐይናቸውን ከቴሌቪዥኑ ሳያነሱ።

«የምን ሥራ? ንብ ማነብ?»

ይስቃሉ፣ አይመልሱም። ሻይ ደግሞ ያለ ስኳር ነው የሚጠጡት። ሀርጌሳ ውስጥ ስኳር የሌለው ሻይ ማዘዝ ማለት ባለ ሻይዋን መስደብ ማለት ነው፤ «ምን በደልኩህ ዳዋርሌ?» ትላቸዋለች። «ስኳር የሚያሻው ጣፋጭ ላጣ ሰው ነው፤ እኔ አንቺን አይቼ ጠገብኩ» ይሏታል። ሴትዮዋ በሳቅ ትፈርሳለች፣ እኔም አብሬ እፈርሳለሁ። ነገሩን ከነገሩ ጋር አላያያዝኩትም። ሰው አጠገቡ ያለውን አያይም የሚባለው እውነት ነው።

ብርቱካን የምትባል የመርሐቤቴ ልጅ ነበረች፤ ሃያ ስድስት ጁን በሚባለው ሰፈር የሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። ዐርብ ዐርብ ዕረፍቷ ስለሆነ ወደኛ ትመጣለች። እጮኛዋ ሞላ የልስን ሠራተኛ ነው፤ ልቡ ደግ፣ ምላሱ የማያርፍ። ጫት ግን ያዘው። ከሰዓት ሥራ መዝለል ጀመረ፣ ከዚያ ጧቱንም። አንድ ዐርብ ልጅቷ እያለቀሰች ገባች። ቀለበቱን ልመልስለት ነው፣ የሰው መሳቂያ አደረገኝ አለች። እኔ ደስ አለኝና «ጎሽ! የወንድ ዘር ጠፋ እንዴ? ወርውሪለት!» አልኳት። ጋሽ ሰይድ መተኮሻውን አቁመው ሰሙን። ከዚያ ጌሙን ከፈቱና አጠገባቸው አስቀመጧት።

«አየሻት ያቺን ቀይዋን? የማን ናት?»

«የጠላት።»

«አይደለችም። የኛው ናት፣ ተማርካ ነው። አሁን ብተኩስባት የምገድለው ማንን ነው? ልጄ፣ ማራኪውን እንጂ የተማረከውን አትምቺ። ጫቱ ነው የማረከው። ሞላ የኛው ነው።»

ያን ዕለት ከሰዓት ጋሽ ሰይድ ራሳቸው ባጃጅ ይዘው ሞላ የሚቅምበት ቤት ሄዱ። ምን እንዳሉት አላውቅም። ብቻ ከዚያ ወዲህ ልጁ ከሰዓት ከሰዓት የኛ ሱቅ እየመጣ ንብ ሲመታ ይውል ጀመር፤ እጁ ሥራ ሲያገኝ ጉንጩ ጫት ረሳ። ቀስ እያለ ተመለሰ። የሠርጋቸውም ቀን ተቆረጠ። «ማራኪውን እንጂ የተማረከውን አትምቱ» የሚለው አባባል ጋአን ሊባህ ባለን ሐበሾች ዘንድ ተረት ሆኖ ቀረ። ባልና ሚስት ሲጣሉ አስታራቂው ይህን ይላል፤ ግማሹ ከየት እንደመጣ እንኳ አያውቅም።

ታዲያ ብርቱካን ለሠርጓ ቀሚስ የሚሆን ሸማ ይዛ መጣች። እናቷ ናት ጥጡን የፈተለችው። እስከ ድንበር ከተማዋ ቶጎ ውጫሌ ድረስ በሰው በሰው ተቀባብሎ የመጣ ነው። ልጅቷ ጠረጴዛው ላይ ስትዘረጋው ሁለታችንም እጃችንን ወደኋላ ሰበሰብን፤ እንደዚያ ያለ ቀጭን ፈትል በዚህ ዘመን አላየሁም። እናቷ «ከእንግዲህ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ሌላ አልፈትልም» ብላ ነው አሉ የላከችው። ደግሞም ልክክ ያለ ነው፣ ትርፍ የለውም። መቀሱ አንዴ ከሳተ ቀሚሱ አለቀ ማለት ነው።

«ጋሽ ሰይድ፣ እርስዎ ራስዎ ነዎት የሚቆርጡልኝ። ለእናቴ ነግሬያታለሁ» አለች።

«ኢንሻ አላህ» አሉ።

ከዚያ መቀሱ መጾም ጀመረ። በማግስቱ ጾመ፣ በሳልስቱም ጾመ። ጋሽ ሰይድ ጧት ይጫወታሉ፣ ይሸነፋሉ፣ ሸማውን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው መደርደሪያ ላይ ይመልሱታል። የሌላውን ሰው ጨርቅ ሁሉ ወደኔ ገፉት፤ እኔም እየተነጫነጭኩ ቆረጥኩ። ሳምንታት አለፉ። ብርቱካን ስልክ ትደውላለች፣ እኔ እዋሻለሁ። ሠርጉ ሲቃረብ ግን ትዕግሥቴ አለቀ። «የልጅ ሠርግ በጌም ይታገዳል እንዴ? አያፍሩም?» አልኳቸው፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ። ክፉ አልመለሱልኝም። «ዐርብ ትምጣ» አሉ ብቻ።

ዐርብ ብርቱካንና ሞላ መጡ። ጋሽ ሰይድ ከጁምዓ ተመልሰው ነጭ ቆባቸውን ሳያወልቁ ተቀመጡ። ጧት አልተጫወቱም ነበር፤ ለካ ለዚህ ሰዓት ይዘውት ኖሯል። ካሴቷን እፍ አሉ። ዜማው ተጀመረ። የመጀመሪያዋ መርከብ ገና ከመውጣቷ ጠፋች። ሁለተኛዋን አውራው ማረካት። ሞላ ከኋላቸው ቆሞ «አሁን ያስመልሷታል፣ ቆይ ተመልከቱ» ይላል። የመጨረሻዋ ወጣች። አውራው ቀይዋን እየጎተተ ወረደ፣ ከፊት ለፊታቸው መጣ፣ ጋሽ ሰይድ ወደ ማያው ጠጋ ብለው ዐይናቸውን አጨንቁረው ተኮሱ። የተማረከችውን መቷት።

ሞላ «ውይ!» አለ። ብርቱካን ሳቀች፣ «ጋሽ ሰይድ፣ የኛዋን እኮ ነው!» አለች። እሳቸው አልሳቁም። የሚጫወቱበትን እጀታ ቀስ ብለው ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። የቀረችው መርከብ ያለ ተቆጣጣሪ ቆማ ጥይት በላች።

«ብርቱካን፣ ልጄ፣ ስሚኝ» አሉ። «አንተም ስማ ሞላ፣ አስኩም ስሚ። ዐይኔ ከዳኝ። ስኳር አለብኝ፣ ከጅዳ ጀምሮ። አንድ ቀን ደህና ያያል፣ አንድ ቀን ጭጋግ ይሆንብኛል። አንድ ጊዜ የሰው ዲራዕ አጣምሜ ቆረጥኩ። ያን ጧት የንቦቹ ጥይት ሁለት ሁለት ሆኖ ሲታየኝ ነበር፣ ዝም ብዬ መቀስ አነሳሁ። ሴትዮዋ ምንም አላለችኝም፤ እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ከዚያ ወዲህ ጥይቷን ሳልለይ የሰው ጨርቅ አልነካም ብዬ ማልኩ። ጨዋታ አይደለም ይኼ። ዐይኔን የማይበት ነው።»

ያ ሁሉ ጧት ጥርሳቸውን ነክሰው፣ እንደ ተከሳሽ ደርቀው የሚቀመጡት ትዝ አለኝ። ስሙ በመላው ሀርጌሳ የተጠራ ቆራጭ አልቆርጥም ሲል ምን እንደሚያጣ እኔ አውቃለሁ፤ እሳቸውም ያውቃሉ። ሌላ ሰበብ መፍጠር ይችሉ ነበር። አመመኝ ማለት ይችሉ ነበር። ያውም በሞላ ፊት፣ ነገር በአፉ በማያድርለት ልጅ ፊት!

ብርቱካን ዕንባዋ መጣ። «እኔ ግን የርስዎን እጅ ብዬ ነው...»

«እጄማ እዚሁ ነው፣ የት ሄደና። ዐይን ነው የጎደለኝ። ዐይን ደግሞ አስኩ አላት።»

መቀሱን ከምስማሩ አወረዱና ጠረጴዛው ላይ ወደኔ በኩል አስቀመጡት። ላብ አጠመቀኝ። እኔ አልችልም አልኩ። የእናት ፈትል ነው፣ ትርፍ የለውም፣ እኔ አልችልም።

«ትችያለሽ። በእነዚህ ሳምንታት ስንቱን ቆረጥሽ? እየተነጫነጭሽም ቢሆን አንዱን አላበላሸሽም። እየሰማሁሽ ነበር።»

ልጅቷን አቁመው ራሳቸው ለኳት፤ በሜትር ሳይሆን በስንዝርና በጣት። ትከሻዋን፣ ክንዷን፣ ወገቧን እየዳሰሱ ቁጥሩን ይነግሩኛል፣ እኔ በጠመኔ እመታለሁ። ከዚያ መዳፋቸውን ሸማው ላይ ዘርግተው ክሩ የሚሄድበትን አቅጣጫ ፈለጉ። «ከዚህ ጀምሪ» አሉ። ጀመርኩ። ዐይናቸውን ጨፍነው የመቀሱን ድምፅ ነበር የሚያዳምጡት። «ቀስ... አሁን ክር እየበላሽ ነው፣ ወደ ራስሽ መልሺው... ጎሽ፣ እንዲህ ነው።» ስፈራ እጃቸውን እጄ ላይ ጣል ያደርጋሉ፣ እቀጥላለሁ። ስጨርስ ሞላ በረዥሙ ተነፈሰ፤ ከሁላችን በላይ ያላበው እሱ ነበር።

ቀሚሱ አማረ። ሠርጉ አንድ የተከራየ ግቢ ውስጥ ሆነ፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ከአንድ ትሪ እንዲበላ ምግቡ በሙሉ የጾም ተደረገ። ጋሽ ሰይድ ለሚያመሰግናቸው ሁሉ «የቆረጠችው አስካለ ናት» እያሉ ሲያርሙ አመሹ። አንዲት ሴትዮ እንዲያውም ትሕትና መስሏት «ይተዉ ጋሽ ሰይድ!» ብትላቸው ተቆጧት። ወሬው እንደፈራሁት ቀድሞ ተሰራጭቶ ነበር። ጥቂት ደንበኞች «ዳዋርሌው ዐይኑ ጠፋ» ብለው ቀሩ። የቀሩት ቀሩ። ሌሎቹ ጨርቃቸውን እያመጡ እሳቸው ዘንድ ያስቀምጣሉ፣ እሳቸው ይዳስሳሉ፣ እኔ እቆርጣለሁ። ልጃቸው መጥታ ወደ ኮምቦልቻ እስክትወስዳቸው ድረስ እንደዚያ ሠራን።

እኔ ግን ከሁሉ አብልጬ የማስታውሰው ሸማው በተቆረጠ ማግስት ያለውን ቅዳሜ ጧት ነው። ሱቁን ስከፍት ፈርቻለሁ። ከእንግዲህ መቀስ የማያነሱ ሰው ምን አድርገው ሊውሉ ነው? ወይስ ከነጭራሹ አይመጡም? መጡ። እንደ ልማዳቸው ተቀመጡ፣ «ቢስሚላህ» አሉ፣ ካሴቷን እፍ አሉ። ንቦቹ ወረዱና ወዲያው ጨረሷቸው። እኔ ጎንበስ ብዬ ክር የምፈልግ መሰልኩ።

ከጀርባዬ የሰማሁት ሳቅ ነው።

«ኧረ ይቺ ደግሞ ከየት መጣች? አላየኋትም እኮ!» ይላሉ፣ ቀይ ጺማቸው እየተንቀጠቀጠ። ከዚያም አድርገውት የማያውቁትን አደረጉ፤ እንደገና ጀመሩ። ደግመው ተሸነፉ፣ ደግመው ሳቁ። ጥይቷ ስትመጣ አይተው ሳይሆን ገምተው ይሸሻሉ፣ ከነጭራሹ በሌለበት ይተኩሳሉ፣ ሲመቱ ራሳቸው ይደነግጣሉ። «አስኩ፣ ተይው ሥራውን፣ ነይ ተራ እንግባ፤ ዛሬ እንኳ ታሸንፊኛለሽ» አሉኝ። ወንበሬን ስቤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ያን ሁሉ ዘመን በየጧቱ ጎናቸው ሆኜ፣ ጋሽ ሰይድ ሲጫወቱ ያየሁት ያን ዕለት ነው።